ከሺሺንዳ እስከ ቃለ መጠይቁ ክፍል፦ የጫማ አመራረጥ ደረጃ በደረጃ

ከሺሺንዳ ተነሥታ ቦንጋ ለመግቢያ ቃለ መጠይቅ የምትቀርብ ልጅ ሌሊት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታዳምጠው ቆርቆሮውን ነው። ጣሪያው ላይ ዝናብ ካለ ከቤቷ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ጭቃ ሆኗል። ትራንስክሪፕቷ በፕላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ሸሚዟ ከማታ ጀምሮ ተተኩሶ ተሰቅሏል፤ «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሏት የምትመልሰውንም ደጋግማ አጥንታለች። ጫማው ግን የሚታሰበው በር ላይ ሲደረስ ነው። በር ላይ ደግሞ ጊዜ የለም።

ይህ መመሪያ የሚጠቅመው ያ ሌሊት ሳይደርስ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ለሚያነበው ነው።

ሺሺንዳና ቦንጋ የሚገኙበት ካፋ በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብበታል፤ ደረቅ የሚባለው ወቅት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው አጭር ጊዜ ነው። ቦንጋም ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ቦታ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ስለዚህ አዲስ አበባ መደብር ውስጥ ከመስታወት ጀርባ የሚያብረቀርቀው ስስ ሶል ያለው ጫማ እዚህ ሲመጣ ያልተሠራለት ሥራ ይጠብቀዋል። እዚህ ጫማ የሚመረጠው የሚገቡበትን ክፍል ብቻ ሳይሆን የሚሄዱበትን መንገድም አስቦ ነው።

ለመምህርነት ሥልጠና የሚመለመሉ ዕጩዎች ከጽሑፍ ፈተናው ሌላ ቃለ መጠይቅ የሚያልፉበት አሠራር በአገሪቱ የተለመደ ነው፤ ለሺሺንዳ ወጣት ደግሞ የቦንጋ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ቅርብ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ቦንጋ፣ ወደ ሚዛን ቴፒ ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክት አለ። የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ሞክሮ ለቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ የሚጠራም አለ። የእያንዳንዱ መንገድ ርዝመት ይለያያል፤ ዝግጅቱ ግን ከአንድ ቦታ ይጀምራል።

አንደኛ፦ ቀኑን በእግር ይቁጠሩት

ብዙ ሰው ጫማ ሊገዛ ሲነሣ የሚያስበው ወንበር ላይ የሚቀመጥበትን ሃያ ደቂቃ ነው። ቀኑን ሙሉ ግን እግሩ ሌላ ብዙ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ወረቀት ይውሰዱና የዕለቱን ጉዞ ከቤት ደጃፍ እስከ ክፍሉ በር በቅደም ተከተል ይጻፉ፦ እስከ ዋናው መንገድ ስንት ደቂቃ በእግር? መንገዱ ጭቃ ነው፣ ኮረት ነው ወይስ ሣር? ሚኒባስ እስኪሞላ ስንት ሰዓት ይቆማል? ከመናኸሪያው በኋላ ባጃጅ አለ ወይስ ዳገቱ በእግር ይወጣል? ግቢው በር ላይ ሰልፍ ይኖራል? ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው?

ዝርዝሩ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ውጤት ያስገርማል። ወንበር ላይ የሚቀመጡት ለጥቂት ደቂቃ፣ የሚቆሙትና የሚራመዱት ግን ለሰዓታት ሆኖ ይገኛል። ጭቃው ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚያስኬድ ከሆነ ከወዲሁ ሁለት ጫማ ማሰብ ያስፈልጋል፤ አንዱ የመንገድ፣ ሌላው የክፍል። ወደዚህ ነገር ኋላ ላይ እንመለሳለን።

ሁለተኛ፦ እግርዎን በወረቀት ይለኩ

«ቁጥሬ 39 ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ከሦስት ዓመት በፊት የገዛውን ጫማ ቁጥር ነው። እግር በዕድሜ፣ በክብደትና በእርግዝና ይለወጣል። በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ጠዋት ከነበረበት ማታ ሰፋ ብሎ ያመሻል። ስለዚህ የሚለካው ከሰዓት በኋላ፣ ከገበያ ወይም ከእርሻ መልስ ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። የደብተር ወረቀት መሬት ላይ ያንጥፉ፤ አንዱን ጫፉን ከግድግዳ ጋር ያስጠጉ። በቃለ መጠይቁ ቀን የሚያደርጉትን ካልሲ አድርገው ተረከዝዎን ከግድግዳው አስደግፈው ሙሉ ክብደትዎን ጥለው ይቁሙ። ሌላ ሰው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ በእግርዎ ዙሪያ ይስመር፤ እርሳሱ ከተጋደመ ልኩ ይሳሳታል። ሁለቱንም እግር ያስምሩ፤ አንዱ ከሌላው መብለጡ የተለመደ ነው። የሚቆጠረው የትልቁ ነው።

አሁን በማስመሪያ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ረጅሙ ጣት ይለኩ። የአንዳንዱ ሰው ረጅም ጣት አውራ ጣቱ ሳይሆን ቀጥሎ ያለው ነው። በሱቆቻችን የሚሠራበት የአውሮፓ ቁጥር አንዱ ከሌላው የሚበልጠው በአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ የእግርዎ ርዝመት ላይ ለጣት መንቀሳቀሻ 1.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደምሩና በ1.5 ያባዙ። እግሩ 26 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው 27.2 ይሆንለታል፤ ሲባዛ 40.8። ይህ ሰው ሱቅ ሲገባ 41 ብሎ ይጀምራል። እግሯ 24.5 የሆነች ደግሞ 25.7 ሲባዛ 38.55 ይሆንላታል፤ 38ንም 39ንም ትሞክራለች።

ስፋቱንም አይርሱ። በልጅነቱ በባዶ እግሩ ወይም በነጠላ ጫማ ያደገ ሰው የእግሩ ፊት፣ ጣቶቹ የሚነሡበት ቦታ፣ ሰፋ ያለ ነው። የከተማ ሹል ጫማ እንዲህ ላለው እግር አልተሠራም። ወረቀቱን በእግርዎ ቅርጽ ልክ ቆርጠው ይያዙት፤ ሱቅ ውስጥ የጫማውን ሶል ከሥሩ አስቀምጠው ያመሳክሩ። ወረቀቱ በጎን በጎን ከሶሉ ካለፈ ያ ጫማ የቱንም ያህል ቢያምር ይለፉት።

ሦስተኛ፦ ዓይነቱን ይወስኑ

የመግቢያ ቃለ መጠይቅ ሠርግ አይደለም። ጠያቂዎቹ ፊት የሚቀርበው ጫማ ንጹሕ፣ ድፍንና ድምፅ የሌለው ከሆነ ይበቃል።

ለወንዶች ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡኒ ባለ ማሰሪያ ጫማ ከሁሉም ሱሪ ጋር ይሄዳል። ጫፉ ክብ ይሁን። ማሰሪያ ያለው ጫማ የሚመረጥበት ምክንያት አለው፤ እግር ረጅም መንገድ ሄዶ ሲያብጥ ይላላል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጠበቅ ይደረጋል። ያለ ማሰሪያ የሚጠለቀው ጫማ ጭቃ ውስጥ ወጥቶ ይቀራል።

ለሴቶች ድፍን ፍላት ጫማ ወይም ታኮው ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ታኮው ወፍራም፣ ከተቻለ በእግር ጀርባ ላይ ቀበቶ ያለው ጫማ ይስማማል። ቀጭን ታኮ ሣር ላይ ይሰምጣል፣ ኮብልስቶን ድንጋዮች መካከል ይቀረቀራል፤ ከፍ ባለ መጠንም የሰውነት ክብደት ወደ ጣቶቹ ሥር ይሄዳል። ለሁለት ሰዓት ሰልፍ ላይ ቆማ ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው የምታመላልስ አመልካች ስሟ ሲጠራ ጥያቄውን ሳይሆን እግሯን እያሰበች ነው የምትገባው።

ክፍት ጫማና ነጠላ ጫማ ለቤትና ለመንገድ ይቆዩ። ስኒከር ያላት፣ ሌላ የሌላት ልጅ ግን አትጨነቅ፤ ሙሉ ጥቁር፣ ጽሑፍና ባለ ቀለም መስመር የሌለበት፣ በደንብ የታጠበ ስኒከር ከተሰነጠቀ ቆዳ ጫማ ይሻላል። ሸራ ጫማም ቢሆን ታጥቦ ማሰሪያው ከተቀየረ ያስኬዳል። የእግር ሕመም ያለበት ወይም እግሩ ያበጠ ሰው ደግሞ የተመቸውን ሰፊ ጫማ ያድርግ፤ ለዚህ ማንንም ይቅርታ አይጠይቅም።

አራተኛ፦ ቆዳውንና ሶሉን ይፈትሹ

ኢትዮጵያ የቆዳና የሌጦ አገር ናት። ሌጦ የሚባለው የበግና የፍየል፣ ቆዳ የሚባለው የከብት ነው። የባቲ የፍየል ሌጦ በውጭ ገበያ በስሙ ይታወቃል፤ የደጋ በጎቻችን ሌጦ ደግሞ ስስ ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ለእጅ ጓንት ይፈለጋል። የቦንጋ በግ ራሱ ዝርያው በአገር ውስጥ የተመሰከረለት ነው። ጫማ ላይ ግን ሥራው የተከፋፈለ ነው፤ ከላይ ጭቃና ድንጋይ የሚችለው የከብት ቆዳ ሲሆን የበግ ሌጦ እንደ ጨርቅ ስለሚለሰልስ ለውስጥ ገበር ይሆናል።

ገበያ ላይ «ሌዘር ነው» የሚባል ሁሉ ግን ቆዳ አይደለም። የተቆረጠውን ጠርዝ ይዩ፤ እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ላይ ቃጫ ቃጫ ይላል፣ ሰው ሠራሹ በጨርቅ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ሆኖ ይታያል። በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ቆዳ የተለያየ ጥቃቅን መጨማደድ ያሳያል፤ ፕላስቲኩ ወይ አይጨማደድም ወይ በአንድ መስመር ይታጠፋል። ሰው ሠራሽ መሆኑ ብቻውን ነውር የለውም። ለአንድ ቀን ዝናብ እንዲያውም ውኃ አያስገባም፤ ግን እግር ያልባል፣ ላብ ካልሲን ያርሳል፣ የራሰ ካልሲ ደግሞ እግር ይልጣል።

ከቆዳው ይልቅ ሰው የሚዘነጋው ሶሉን ነው። ጫማውን ገልብጠው ይመልከቱ፤ ልሙጥ ሶል በቀይ ጭቃ ላይ እንደ ሳሙና ነው። ቦይ ቦይ ያለው የጎማ ሶል ይሻላል። ከዚያ ጫማውን በሁለት እጅ ይዘው ይጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚነሡበት ቦታ እንጂ መሐል ላይ አይደለም። መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ጫማ ዳገት ላይ እግርን ያደክማል።

የአገር ውስጥ ጫማ ታሪክ አንድ ጠቃሚ ነገር ያስተምራል። አርመኖች በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ዳርማር ወደ መንግሥት ከዞረ በኋላ አንበሳ ጫማ ሆኖ ትውልድ ተጫምቶታል። መርካቶ ዙሪያ ያሉት አነስተኛ ጫማ ሠሪዎች ደግሞ እ.አ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ርካሽ የቻይና ጫማ ሲያጥለቀልቃቸው ገበያቸውን አጥተው ነበር፤ መልሰው የያዙት የጫማቸውን ጥራትና ቅርጽ አሻሽለው ነው። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራው በረባሶም ቢሆን በቤተልሔም ጥላሁን የጫማ ድርጅት በሶልሬብልስ በኩል ከአዲስ አበባው ዘነበወርቅ ተነሥቶ የውጭ ገበያ ደርሷል። ስለዚህ የአገር ውስጥ የሚል ምልክት ያለበትን ጫማ ሳይሞክሩ አይለፉ፤ የአገር ውስጥ ጫማ ሶሉ ሲላቀቅ የሚጠግነው ጫማ ሰፊም አብሮ አለ።

አምስተኛ፦ ሱቅ ውስጥ

ሱቅ ከሰዓት በኋላ ይሂዱ፤ የቃለ መጠይቁን ካልሲ ይዘው ይሂዱ። ሁለቱንም እግር ይጫሙ፤ አንዱን ብቻ ሞክሮ መክፈል የብዙ ሰው ስሕተት ነው።

ጠበብ ያለ ጫማ ላይ ሻጩ የሚለው የታወቀ ነው።

«እህቴ፣ ቆዳ ነው እኮ፤ ሁለት ቀን ካደረግሽው እሺ ይልሻል።»

ግማሹ እውነት ነው። ቆዳ በጎን ትንሽ ይሰፋል። በርዝመት ግን አይረዝምም። ስለዚህ ጣትዎ ጫፉን ከነካ ክርክሩን እዚያው ይጨርሱት። በጎን ጠበብ ብሎ ካልቆረቆረ መልመድ ይቻላል፤ ከቆረቆረ ሁለት ቀንም አይበቃውም።

ተጫምተው ሦስት ነገር ያድርጉ። አንደኛ ቆመው ክብደትዎን ወደ ፊት ጣል ያድርጉና ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ መኖሩን ከላይ ጫን ብለው ያረጋግጡ። ሁለተኛ ከሱቁ ደረጃ ወጥተው ይውረዱ፤ ሲወጡ ተረከዝ ወደ ላይ እያመለጠ ከሆነ ጫማው ሰፊ ነው፣ ሲወርዱ ጣት ከጫፉ ጋር ከተጋጨ አጭር ነው። ሦስተኛ ሲሚንቶው ላይ አሥር እርምጃ ሄደው ያዳምጡ። ቋ ቋ የሚል ታኮ ወይም ሲጥ ሲጥ የሚል ሶል ጸጥ ባለ ኮሪደር ውስጥ ከስምዎ ቀድሞ ይገባል። ታኮው ላይ ጫማ ሰፊ ስስ ጎማ ቢለጥፍበት ድምፁ ይጠፋል፤ የሚንሸራተተውም ይይዛል።

ስድስተኛ፦ ጫማው ውሰት ከሆነ

በብዙ ቤት የቃለ መጠይቅ ጫማ የሚመጣው ከሱቅ ሳይሆን ከአጎት ወይም ከታላቅ እህት ነው። ይህ ምንም አያሳፍርም፤ አንድ ትልቅ አደጋ ግን አለው።

ለሠርግና ለበዓል ብቻ እየወጣ ዓመታት ካርቶን ውስጥ የኖረ ጫማ ከላይ አዲስ ይመስላል። ብዙ ዘመናዊ ሶል የሚሠራው ፖሊዩሪቴን ከሚባል ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ አየር ውስጥ ያለ እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል። እንደ ካፋ ባለ እርጥበታማ አካባቢ በካርቶን ተዘግቶ የተቀመጠ ጫማ ውጪው ሳይለወጥ ሶሉ ውስጡን እንደ ደረቀ ቂጣ ይሆናል። ተጫምተው ወጥተው ገና መንገድ ላይ ሳሉ ይፈረፈራል። ያልተደረገ ጫማ ያረጀው በመቀመጡ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። ሶሉን በጥፍር ጫን ያድርጉት፤ ምልክቱ ተመልሶ ካልሞላ ወይም ፍርፋሪ በጥፍርዎ ከተያዘ ጫማውን ይመልሱ። ጫማውን አጥፈው ሲዘረጉት ስንጥቅ ከታየም እንዲሁ። «ጋሼ፣ ለዛሬ ይቆይልኝ» ብሎ መመለስ በመንገድ መሐል ያለ ሶል ከመቅረት ይሻላል። ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ማስቲሹ የለቀቀበትን ቦታ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስደው ያሰፉ፤ በማስቲሽ ብቻ የተያዘ ሶል ዝናብ ሲነካው ሊላቀቅ ይችላል፣ የተሰፋ ይቆያል።

ውሰቱ ትንሽ ከሰፋ ውስጡ ተጨማሪ ሶል ይገባበታል፤ ወፈር ያለ ካልሲም ያግዛል። ከጠበበ መፍትሔ የለውም።

ሰባተኛ፦ አሥር ቀን ይለማመዱበት

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶን የሮጠው በባዶ እግሩ መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ለምን እንደሆነ ነው። እዚያ የቀረበለት አዲስ ጫማ ለእግሩ አልተስማማውም። አበበ ባዶ እግሩን ልምምድ አድርጎ ስለነበር ያልለመደውን ጫማ ትቶ የለመደውን መረጠ፤ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ የዓለም ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ በጫማ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። በሁለቱም ቀን እግሩ ላይ እንግዳ ነገር አልነበረም።

ባዶ እግር ለአመልካች አይሆንም፤ የአበበ ውሳኔ ግን ይሆናል። አዲስ ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ በቃለ መጠይቁ ጠዋት አይደረግም። ከአሥር ቀን በፊት ይጀመራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቤት ውስጥ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ ቀጥሎ ደረቅ ቀን ጠብቆ እስከ ሱቅ፣ በመጨረሻም የዳገት ጉዞ። ቀይ ምልክት የታየበት ቦታ ካለ ከመላላጡ በፊት ፕላስተር ይለጠፍበታል። ውኃ ከቋጠረ በኋላ ግን የሚያደርጉት ሌላ ጫማ መፈለግ ነው።

በልምምዱ ጊዜ እግሩ ብቻ አይለማመድ። ጓደኛ ወይም ታናሽ ወንድም ወንበር ላይ ይቀመጥና ይጠይቅ፤ አመልካቿ ጫማውን አድርጋ በር ከፍታ ትግባ፣ ሰላምታ ትስጥ፣ ትቀመጥ፣ «ለምን መምህርነትን መረጥሽ?» ሲባል ሳትቆራረጥ ትመልስ፣ ተነሥታ ትውጣ። ይህ አምስት ጊዜ ከተደረገ እግሯ መንገዱን ያውቀዋል።

ስምንተኛ፦ የመንገዱንና የክፍሉን ይለዩ

ጭቃ ላለበት ጉዞ ጥሩው ዘዴ ቀላልና ርካሽ ነው። በመንገድ ኮንጎ ጫማ ወይም ቦቲ፣ በክፍል የክፍሉ ጫማ። የክፍሉ ጫማ በጨርቅ ተጠቅልሎ በፌስታል ይያዛል፤ ካልሲው ለብቻው በሌላ ፌስታል። አንድ ሃይላንድ ውኃና አሮጌ ፎጣ ይጨመርበት።

መቀየሪያው ቦታ ከወዲሁ ይወሰን። ዘመድ ቤት ከሆነ መልካም፤ ካልሆነ ከመናኸሪያው አጠገብ ያለ ሻይ ቤት ይበቃል። እዚያ እግር በሃይላንዱ ውኃ ይታጠባል፤ በጣቶች መካከል በደንብ ይደርቃል፤ ደረቁ ካልሲና የክፍሉ ጫማ ይደረጋል። ግቢው በር ላይ ቆሞ በአንድ እግር እየተንገዳገዱ መቀየር ግን ቀድሞ በመጡት አመልካቾች ፊት ትርኢት ነው።

ይህ መታጠብ ለመልክ ብቻ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ አፈር፣ ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታና ብዙ ዝናብ በሚገናኙበት አካባቢ ባዶ እግራቸውን ዓመታት የሚሄዱ ሰዎችን የሚያጠቃ የዝሆኔ ዓይነት አለ፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ስሙን ያወጣለት በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በትንኝ አይመጣም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ጥቃቅን የአፈር ብናኝ በቆዳ በኩል ገብቶ ነው እግርን የሚያሳብጠው። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ለአንድ ቀን ቃለ መጠይቅ የተለመደው ፌስታልና ሃይላንድ ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላም በየዕለቱ መንገድ ቢቀጥል ጥሩ ነው።

ዘጠነኛ፦ ዋዜማ

ጫማ የሚጸዳው ጠዋት ሳይሆን ማታ ነው። ቦንጋ የሚያድር ሰው ሊስትሮ ዘንድ ይቀመጥ፤ ጥሩ ሊስትሮ ሲሠራ ማየት ትምህርት ነው። መጀመሪያ ካልሲው ቀለም እንዳይነካው በጫማውና በቁርጭምጭሚቱ መካከል የካርቶን ቁራጭ ይሰካል። በብሩሽና በጥቂት የሳሙና ውኃ ጭቃውን ያወጣል፤ የሶሉን ጠርዝ አይዘልም። ያደርቃል። ቀለሙን በትንሹ ይቀባል፤ በብሩሽ ይፈገፍጋል፤ ጨርቁን በሁለት እጁ ወጥሮ እስኪያንጸባርቅ ይስባል። ከዚያ ብሩሹን ሳጥኑ ላይ ታክ ያደርጋል፦ ሌላኛውን እግር።

ቤት ውስጥ የሚያደርገውም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተል። ማሰሪያውን አውጥቶ ለብቻው ማጠብን አይርሳ፤ የቆሸሸ ማሰሪያ የጸዳን ጫማ ያቆሽሻል። ውኃ የገባበት ጫማ ውስጡ ጋዜጣ ይጠቅጠቅበትና በየሁለት ሰዓቱ ይቀየር። ምድጃ ዳር ወይም ከሰል አጠገብ አይቀመጥ። ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ማስቲሹም ይለቃል። ካፋ ውስጥ ቡና ሲፈላ እሳቱ ዳር ጫማ ማስጠጋት የሚያጓጓ ነው፤ ያም ሆኖ ጋዜጣው ይሻላል።

ካልሲው ይጠና። ጥቁር ወይም የሱሪው ዓይነት ቀለም፣ ቀዳዳ የሌለው፣ ሲቀመጡ እግር እስከማያሳይ ረጅም። ለዚህም የዘወትር ምክንያት አለ። ያደሩበት ዘመድ ቤት ገና በር ላይ ጫማ ይወልቃል፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ወይም መስጊድ ሰግዶ የሚመጣም ያወልቃል። አንዳንድ ሥልጠና ላይ ደግሞ ቁመት ይለካል፤ በጫማ ላይ ቆሞ የሚለካ የለም። አውራ ጣት የወጣበት ካልሲ ያን ጊዜ ነው የሚታየው።

አሥረኛ፦ ክፍሉ በር ላይ

ከመግባትዎ በፊት ጫማዎን አንድ ጊዜ ብቻ ይመልከቱ። ጭቃ ካለ ሣር ላይ ይጥረጉት ወይም በኪስዎ በያዙት ሶፍት ያብሱት፤ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ይቋጥሩ። ከዚያ በኋላ ጫማው ሥራውን ጨርሷል።

ወንበሩ ላይ ሁለቱንም እግር መሬት ያስረግጡ። በፍርሃት ጊዜ እግር ወለሉን መምታት ይጀምራል፤ ሁለት ተረከዝ ከተቀመጠ ግን ይረጋል። ጫማው ያረጀ ስለሆነ ብለው ከወንበሩ ሥር አይደብቁት፤ እግሩን የሚደብቅ ሰው ትከሻውም ይኮማተራል። ከጠያቂዎቹ አንዱ ዓይኑን ወደ ታች ቢያወርድ እንኳ የሚያየው ንጹሕ ጫማ ነው። ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ትምህርት ነው።

ከቃለ መጠይቁ መልስ

ተመልሰው ሺሺንዳ ሲገቡ ደክመዋል፤ ቢሆንም የክፍሉን ጫማ እንዲሁ ፌስታሉ ውስጥ አይተዉት። ያውጡት፣ ያጽዱት፣ ጋዜጣ ይጠቅጥቁበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይድረቅ። ሲደርቅ ካርቶኑ ይከፈት እንጂ በፕላስቲክ አይታሸግ፤ በሁለት ሦስት ወር አንድ ጊዜም አውጥተው ጥቂት ይሂዱበት። ያን ጊዜ ሶሉ ቶሎ አይፈረፈርም። የእግርዎ ቅርጽ የተሳለበትንም ወረቀት እዚያው ካርቶን ውስጥ ይተዉት። በሚመጣው ዓመት «ጫማሽን አውሺኝ» ብላ የምትመጣው ታናሽ እህት ወይም የጎረቤት ልጅ መጀመሪያ እግሯን እዚያ ወረቀት ላይ አቁማ ትለካለች።